በደጃችሁ ያለው ባውሂኒያ የትኛው ነው? ከቅጠሉ እስከ ቆባው ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ጥር ነው። ጎረቤቴ ሃጂ መጥረቢያ ይዘው አጥራቸው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ቆመዋል።

"ሃጂ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ደርቋል እኮ ልጄ። ቅጠል የለው፣ ጥላ የለው። ለማገዶ ይሁን ብዬ።"

ቀና ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው፤ አንድ ቅጠል አልቀረውም። ግን የቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ እምቡጥ ተደርድሯል። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ ነው። "ሦስት ሳምንት ይታገሡኝ" አልኳቸው። ታገሡኝ። የካቲት ሲጋመስ ዛፉ ከላይ እስከ ታች አበባ ለበሰ። ቅጠል ግን አሁንም የለውም። ዛሬ ሃጂ የከሰዓት ቡናቸውን ከዚያ ዛፍ ሥር ካልሆነ አይጠጡም።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ የዛፍ ሐኪም ሆኛለሁ። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኝና ስልኩን ያወጣል። "ይሄስ ያው ነው?" ይለኛል። ፎቶው ሁልጊዜ የቅጠል ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የዚህ ዛፍ ቅጠል አንዴ ከታየ አይረሳም፤ ስለዚህ ሰው ቅጠሉን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። ግን ያንኑ የሚመስል ቅጠል ያላቸው ሌሎች ዕፅዋት ሞልተዋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ከአበባው መሃል የሚወጡት ክሮች ቁጥር ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ቅጠሉን አልፋችሁ እዚያ ድረስ እንድትደርሱ ነው።

መጀመሪያ ዛፉን እንተዋወቅ

ዛፉ ባውሂኒያ ይባላል። ጃካራንዳ የሚሉትም አጋጥመውኛል። አይደለም። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅና የተበጣጠሰ፣ አበባው ትንሽ መለከት የሚመስል። የእኛው ባውሂኒያ የእስያ ልጅ ነው። በሃጂ ግቢ ያለው ዓይነት፣ ሙሉ ስሙ ባውሂኒያ ቫሪዬጋታ፣ ከሕንድ አካባቢ ጀምሮ በደቡብ ምሥራቅ እስያ በኩል እስከ ደቡብ ቻይና ድረስ በተፈጥሮ ይበቅላል። ሕንዶች ካችናር ይሉታል። ያልፈነዳውን እምቡጥ በቅመም ሠርተው ይበሉታል። እኔ አልሞከርኩትም፤ ሃጂም የሚፈቅዱልኝ አይመስለኝም።

ትንሽ ዛፍ ነው። ቢበዛ ከ10 እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፤ ግቢ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ቤተሰቡ የባቄላ፣ የአተርና የምስር ቤተሰብ ነው። "ዛፍና ምስር ምን አገናኛቸው?" የሚል ሰው ስድስተኛው ደረጃ ላይ መልሱን በምላጭ ቆርጦ ያየዋል።

ስሙ ከየት መጣ ካላችሁ፣ የሁለት ወንድማማች መታሰቢያ ነው። ዮሐን ባውሂን በ1541፣ ጋስፓር ባውሂን በ1560 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለዱ የዕፅዋት ሊቃውንት ነበሩ። ቅጠሉ ሁለት ሆኖ ሳለ ከሥሩ አንድ ነው፤ ለሁለት ወንድማማቾች መታሰቢያ ከዚህ የተሻለ ቅጠል ከየት ይመጣል? ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስም በ1753 ቫሪዬጋታን፣ ፑርፑሪያን፣ አኩሚናታንና ቶሜንቶሳን በዚሁ ስም ሥር መዘገባቸው። አራቱም ከታች ይመጣሉ፤ ስማቸውን አሁን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ

አዲስ ምላጭ፣ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ደብተር። ማጉያ መነጽር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ የስልካችሁን ካሜራ አስጠግታችሁ አጉሉት። ምላጩን ለልጆች አትስጡ፤ ቆጠራውን ግን ለእነሱ ተዉላቸው። ከእኛ ይልቅ በትክክል ይቆጥራሉ።

አበባውን ጠዋት ቅጠፉ። ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፣ ንቦቹም በርብረውት ይቆያሉ። ዛፉ የሰው ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሁለት አበባ፣ ሁለት እምቡጥና ሦስት ቅጠል ይበቃል።

1. ዛፉ መቼ እንደሚያብብ መዝግቡ

ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው፤ ግን ምንም ወጪ የለውም። ደብተራችሁ ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፤ ያበበበትን ወርና ሲያብብ ቅጠል ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን።

ቫሪዬጋታ በበጋ ቅጠሉን ያረግፋል። ከዚያ ዝናቡ ገና ሳይጀምር በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ያብባል። ጅማ ላይ ይህ ቡናው የመጀመሪያውን ዝናብ አግኝቶ ነጭ ከሚለብስበት ወቅት ጋር ይቀራረባል። ፑርፑሪያ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ያብባል። ስለዚህ ኅዳር ላይ በአረንጓዴ ቅጠል መሃል ሐምራዊ አበባ ካያችሁ፣ ገና ምንም ሳትቆርጡ ፑርፑሪያን መጠርጠር ትችላላችሁ። መጠርጠር ነው ያልኩት። ውኃ የሚጠጣ የግቢ ዛፍ ወሩን ሊያዛባ ይችላል።

በነገራችን ላይ በጥርና በየካቲት ቅጠል የሌለው ዛፍ ስታዩ እንደ እኔ በጥፍር ፋቅ ማድረግን ልመዱ። አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሌላ ቅርንጫፍ ሞክሩ። ሦስት ቦታ ደርቆ ካገኛችሁት ያኔ ስለ መጥረቢያ ማውራት ይቻላል።

2. ግንዱንና ቅርፊቱን እዩ

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ቅርፊቱ ግራጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ በወጣትነቱ ለስላሳ፣ ሲያረጅ ስንጥቅጥቅ ይላል። ግንዱ አጭር ነው፣ ቶሎ ቅርንጫፍ ያወጣል። በቅርፊት ብቻ ባውሂኒያን ለየሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡና ጋብዛችሁ ወሬ ቀይሩ።

3. ቅጠሉን እጠፉት፣ ቁጠሩት፣ ለኩት

ፈረንጆች የግመል እግር ይሉታል። ለእኛ ለጅማ ሰዎች የላም ሰኮና ብንለው ይቀርበናል። ክብ ነው፤ ከጫፉ ወደ መሃሉ ተሰንጥቆ ሁለት ክብ ጆሮ ይሠራል። ከእጀታው በኩል ደግሞ ገባ ብሎ የልብ ቅርጽ ይይዛል።

አንድ ቅጠል በመሃል ጅማቱ ላይ እጠፉ። ሁለቱ ግማሾች ልክ እንደ መጽሐፍ ገጥመው ይዘጋሉ። አሁን ዘርጉትና ወደ ፀሐይ ያዙት። ከእጀታው ጫፍ፣ ከአንድ ነጥብ፣ እንደ ጣት የተዘረጉ ጅማቶች ታያላችሁ። ቁጠሯቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 13 ናቸው። የአቮካዶ ወይም የቡና ቅጠል ከጎኑ አስቀምጡ። እዚያ አንድ ዋና ጅማት አለ፤ ሌሎቹ ከእሱ ጎን ለጎን ይወጣሉ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ከሚለያዩበት ቦታ ላይ፣ በማጉያ ተመልከቱ። የመሃሉ ጅማት ጫፍ አጭር ቀጭን ፀጉር መስሎ ብቅ ይላል። ትንሽ ነገር ናት፤ ቅጠሉ ሲያረጅም ትወድቃለች። ስለዚህ ለጋ ቅጠል ላይ ፈልጓት። ይህ ቅጠል የሁለት ቅጠሎች መጋጠም ውጤት ነው የሚሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አሉ። ፀጉሯን ስታዩ ለምን እንደዚያ እንዳሰቡ ይገባችኋል።

አሁን ማስመሪያውን አንሡ። ቅጠሉን ከእጀታው መጋጠሚያ እስከ ጆሮው ጫፍ ለኩ። ከዚያ የስንጥቁን ጥልቀት ለኩ። ቅጠሉ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ስንጥቁ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። የቫሪዬጋታ ስንጥቅ እስከ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ጆሮዎቹም ክብ ናቸው። የፑርፑሪያ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ይገባል፤ ጆሮዎቹ ጫፋቸው ትንሽ ሾል ይላል።

"እሺ ታዲያ በዚህ ተለየ አይደለም?" ትሉ ይሆናል። ሦስቱንም ቅጠል ለኩ። እኔ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ጥልቅ ያልሆነ ስንጥቅ ያላቸው አግኝቻለሁ። ከአንድ እናት የተወለደ ሁሉ አንድ አይመስልም። ቅጠሉ ባውሂኒያ መሆኑን ይነግራችኋል፤ የትኛው ባውሂኒያ እንደሆነ ግን አያረጋግጥላችሁም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ማታ ከእራት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ቅጠሉን እዩት። ቀን ላይ ተዘርግቶ የነበረው ቅጠል ልክ ጠዋት በእጃችሁ እንዳጠፋችሁት ተጣጥፎ ታገኙታላችሁ። እጀታው ጫፍ ላይ ያበጠ መገጣጠሚያ አለ፤ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ቅጠሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። የእኔ ልጅ "ዛፉ ተኛ" ብላ ሹክሹክታ ጀምራ ነበር።

4. እምቡጡን ሳይፈነዳ ያዙት

ሊፈነዳ አንድ ቀን የቀረው እምቡጥ ምረጡ። በጣትና በጣት መሃል አሽከርክሩት። የቫሪዬጋታ እምቡጥ ለስላሳ ነው፤ መሃሉ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን ያለ። የፑርፑሪያ እምቡጥ ግን አራት ወይም አምስት ጠርዝ አለው፤ ጣታችሁ ይሰማዋል። ዓይን ጨፍኖ እንኳ መለየት ይቻላል። ከቅጠሉ ልኬት ይልቅ ይህ የተሻለ ምልክት ነው፤ ለምን ብዙ ሰው እንደማያውቀው ይገርመኛል።

እምቡጡን የሸፈነው አረንጓዴ ልባስ ሲፈነዳ እንዴት እንደሚቀደድም ተከታተሉ። በቫሪዬጋታ በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀደድና እንደ ተከፈተ ካፖርት አንድ ላይ ይቆያል። በፑርፑሪያ ሁለት ቦታ ይከፈልና ወደ ኋላ ይታጠፋል።

አሁን ምላጭ አያስፈልግም። ልባሱን በጥፍራችሁ ግለጡና ውስጡ የታጠፉትን ባለ ቀለም ቅጠሎች፣ በትምህርት ቤት ፔታል ያልናቸውን፣ አንድ በአንድ ከውጭ ወደ ውስጥ ላጡ። መጨረሻ ላይ ከሁሉም ውስጥ የተደበቀችው የትኛዋ ናት? ነጠብጣብና ጥቁር ሐምራዊ መስመር ያላት የላይኛዋ ናት። ይህን ከባቄላ አበባ ጋር አስተያዩት። በባቄላ እምቡጥ ውስጥ ትልቋ የላይኛዋ ፔታል ከውጭ ሆና ሌሎቹን እንደ ነጠላ ታለብሳለች። በባውሂኒያ ከውስጥ ናት። ቤተሰብ ናቸው፤ ግን ከቤተሰቡ ውስጥ ቅርንጫፋቸው የተለያየ ነው። ይህች የመደራረብ ልማድ ናት የሚያሳብቅባቸው።

5. አበባውን ፈታችሁ ወረቀት ላይ ዘርጉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ አትቸኩሉ።

አበባውን ከእጀታው ይዛችሁ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሩ። አምስት ፔታል አለው። የቫሪዬጋታ አበባ ከዳር እስከ ዳር ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኦርኪድ ስለሚመስል በእንግሊዝኛ የኦርኪድ ዛፍ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ከኦርኪድ ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም።

መጀመሪያ በፔታሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት እዩ። የቫሪዬጋታ ፔታሎች ሰፋፊ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይደርባል። የፑርፑሪያ ጠባቦች ናቸው፤ በመሃላቸው ሰማይ ይታያል። ቀለም ላይ አትመኩ። ሁለቱም ከሐምራዊ እስከ ሮዝ ይሆናሉ፤ ቫሪዬጋታ ደግሞ ንጹሕ ነጭ የሆነ ዝርያም አለው።

ከዚያ ፔታሎቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ ወረቀቱ ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ጠቃጠቆ ያለባትን ከላይ አድርጓት። ይህች ምልክት ለንብ የተጻፈች ናት፤ የማሩ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ታሳያለች።

አሁን እጃችሁ ላይ የቀሩት ክሮች ብቻ ናቸው። ረጃጅሞቹ፣ ጫፋቸው ላይ የአበባ ዱቄት የተሸከመ ትንሽ ከረጢት ያላቸው ወንዴ ክሮች ናቸው፤ ስታሜን ይባላሉ። ከሥራቸው ደግሞ አጫጭር፣ ጫፋቸው ባዶ የሆኑ ጭራሮዎች ታገኛላችሁ። እነዚያ መካን ናቸው፤ አትቁጠሯቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጫፉን በጣታችሁ ነካ አድርጉ፤ ዱቄት ከተቀባ ቁጠሩት፣ ካልተቀባ ዝለሉት። ጠዋት በጣም ማለዳ ከሆነ ከረጢቱ ገና ላይከፈት ይችላል፤ ያኔ የከረጢቱን መኖር ብቻ እዩ።

ስንት አገኛችሁ?

አምስት ከሆነ ቫሪዬጋታ ነው። የሃጂ ዛፍ አምስት ነው። ሁለት አበባ ቆጠርኩ፣ ሦስተኛውን ራሳቸው ሃጂ መነጽራቸውን አድርገው ቆጠሩ።

ሦስት ከሆነ ፑርፑሪያ ነው። አልፎ አልፎ አራት ያለው ይገኛል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት አበባ ቁጠሩ።

አሥር ከሆነ ሌላ ዓለም ገብታችኋል። አበባው ነጭ፣ ተክሉም ቁመቱ ከሁለት ሦስት ሜትር የማያልፍ ቁጥቋጦ ከሆነ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው አኩሚናታ ነው። ነጭ ቫሪዬጋታ ነው ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። እኔም ራሴ አንድ ችግኝ ሻጭ ጋ ዛፍ ይሆናል ብዬ ገዝቼ ቁጥቋጦ ይዤ ቀርቻለሁ። አበባው ቢጫ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ደወል መሳይ፣ ከውስጡ ጥቁር ቀይ ነጥብ ያለበት ከሆነ ደግሞ ቶሜንቶሳ ነው። እሱ ከእስያ ሌላ አፍሪካ ውስጥም በተፈጥሮ ይበቅላል።

የቀረ አንድ ዓይነት አለ፤ አበባው ትልቅ፣ ደማቅ ሐምራዊ ቀይ ሆኖ ቆባ የማይይዝ። እሱ ብሌኬያና ይባላል። በ1880 ገደማ ሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ተገኝቶ በ1908 ተመዘገበ። የቫሪዬጋታና የፑርፑሪያ ዲቃላ ነው። እንደ በቅሎ መካን ስለሆነ ዘር የለውም፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከልና በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ ብቻ ነው የሚባዛው። ከ1997 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ባንዲራ ላይ ያለው ነጭ አበባ የእሱ ምስል ነው። ክሩን ብትቆጥሩት ከቫሪዬጋታ ጋር ሊምታታባችሁ ይችላል። ስለዚህ አምስት ከቆጠራችሁ በኋላ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆባውን ሳታዩ ደብተሩን አትዝጉ።

6. የቀረችውን አረንጓዴ ሴቴ ቁረጧት

ወንዴ ክሮቹ መሃል አንዲት አረንጓዴ፣ ጠምዘዝ ያለች፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለች ክር አለች። ሴቴዋ ናት። አጭር እግር ላይ ቆማለች፣ ገላዋ ደቃቅ ፀጉር አለው። ወረቀቱ ላይ አጋድሟትና በምላጭ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቋት።

ውስጧ በአንድ ጎን ብቻ የተደረደሩ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ታያላችሁ። ለጋ የባቄላ ቆባ ስትከፍቱ የምታዩት ይኸው ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። ዛፍና ምስርን ያገናኛቸው ይህ ነው።

ቤተሰቡ ባቄላ ነው ስል አንድ ነገር አብሬ ላርም። ብዙ ገበሬ፣ ከተማ ያለነውም ጭምር፣ የባቄላ ዘመድ ሁሉ አፈር ያዳብራል ብለን እናምናለን። ባቄላ ሥሩ ላይ ባሉት እብጠቶች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። ባውሂኒያ ግን በአብዛኛው እነዚያን እብጠቶች አያወጣም። ለቡና ጥላ ልትከለው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ብርብራና ሰሳ እያሉልህ ምን አስፈለገህ? ባውሂኒያን ለዓይንህ ትከለው።

7. ቆባውን ጠብቁ፣ ከዚያ አዳምጡት

አበባው ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ያስፈልጋል። ቆባው ጠፍጣፋ ነው፣ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ሲደርስ ቡናማ ይሆናል። ውስጡ አሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ጠፍጣፋና ክብ ዘሮች ይኖራሉ።

ደርቆ ፀሐይ ሲያገኘው ሁለቱ ልባሶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። አንድ ላይ ይዟቸው የነበረው ጠርዝ ሲለቅ ዘሩ ይወረወራል። የሃጂ ኩሽና ቆርቆሮ ከዛፉ ሥር ነው። ግንቦት ላይ ፀሐይ የወጣ ቀን እዚያ ብትቀመጡ ጣ! ጣ! ሲል ትሰማላችሁ። አንድ ጊዜ እንግዳ ልጆች ድንጋይ ወረወሩ ብሎ አጥር ድረስ ወጥቶ ነበር። ዝናብ በሚውልበት ቀን ድምፅ የለም፤ ቆባው ካልደረቀ አይጠመዘዝም።

የተጠማዘዙ ባዶ ልባሶችን ከሥሩ ልቀሙ። ዘር የሚይዝ ቆባ ካለው ብሌኬያና አይደለም። አምስት ወንዴ ክርና ቆባ ካገኛችሁ ቫሪዬጋታ ነው፤ በቃ።

ከጅማ ወጥታችሁ ወደ ጊቤ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ይኼው ሰኮና መሳይ ቅጠል ያለው ዛፍ በዱር ታያላችሁ። ባውሂኒያ ነው ብላችሁ መኪና አታስቁሙ። የቆላ ዋንዛ ነው፤ የአገራችን የራሷ ዛፍ። ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሳይ ነው፣ ከሥሩ ፀጉር አለው። ቆባው ወፍራም እንጨት ነው፤ አይፈነዳም፣ እንዳለ መሬት ወድቆ ይበሰብሳል። ወንዴውና ሴቴው ደግሞ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ድሮ ሊቃውንቱ ራሳቸው ከባውሂኒያ ጋር ቆጥረውት ነበርና፣ ብትሳሳቱም ብቻችሁን አይደላችሁም።

8. ናሙናውን አድርቁ

የማያምን ጎረቤት ካላችሁ ማስረጃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ፎቶ አንሡ፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል፣ ፔታሉ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ከቅጠልና ከአበባ ጋር በጋዜጣ መሃል ዘርጉ። አንዱን ቅጠል ገልብጡት፤ ጀርባው መታየት አለበት። ከላይ ከባድ ነገር ጫኑ። እኔ የጤፍ ጆንያ እጭናለሁ።

ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። በየካቲት አየሩ ደረቅ ስለሆነ በሳምንት ያልቃል። ክረምት ላይ ግን የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ከዘለላችሁ ሻጋታ ይቀድማችኋል። የመጀመሪያ ናሙናዬን ሐምሌ ላይ ለአራት ቀን ረስቼው እንደ አሮጌ ዳቦ ፀጉር አብቅሎ አገኘሁት። የፈታችሁትን አበባ ደግሞ በትንሽ ፖስታ ከተቱት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የክሩን ቁጥርና የትኩሱን አበባ ቀለም ከላዩ ጻፉ።

9. ከዘሩ መትከል ለሚፈልግ

ቆባው ቡናማ ሆኖ ገና ሳይፈነዳ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ የጨርቅ ከረጢት አልብሱትና እሰሩት። ሲፈነዳ ዘሩ እዚያው ይቀራል። አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ በችግኝ ላስቲክ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ትኩስ ዘር በአንድ ሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ትንሹ ችግኝ ገና ሁለተኛ ሦስተኛ ቅጠሉ ላይ ሰኮናውን ያሳያችኋል።

በሚቀጥለው ሰኔ ዝናቡ ሲጸና መሬት አውርዱት። ከግድግዳ ሦስት አራት ሜትር አርቁ። የመብራት ሽቦ ሥር አትትከሉ፤ 10 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አስታውሱ። በጥሩ አያያዝ በሁለት ሦስት ዓመት ማበብ ሊጀምር ይችላል። መግረዝ ካስፈለገ አበባው ካለፈ በኋላ ወዲያው ግረዙ። ኅዳር ላይ የገረዘ ሰው የየካቲቱን አበባ አብሮ ነው የሚቆርጠው፤ የሚያብበው ባለፈው ክረምት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነውና።

አንድ ቦታ ግን አትትከሉት፤ አዌቱ ወንዝ ዳር። ከላይ እንዳያችሁት ዘሩን ራሱ ይወረውራል፤ ወንዙ ደግሞ የተወረወረውን ይወስዳል። ደቡብ አፍሪካና ፍሎሪዳ ውስጥ ይህ ዛፍ ከግቢ አምልጦ ወራሪ ተብሎ ተመዝግቧል። ግቢ ውስጥ ሲሆን ሥሩ የበቀለውን ችግኝ በየክረምቱ ንቀሉ ወይም ለሰው ስጡ።

ሃጂ ዘንድሮ ስድስት ላስቲክ ሞልተዋል። አንዱ ለእኔ ነው ተብያለሁ፤ እስኪያብብ ድረስ ግን ክሩን መቁጠር አልችልም።